ጭብጨባ የገደለው ጩኸት

ኦቦ ነጋሳ አረፉ። ባለፈው ጥቅምት፣ ረቡዕ ጧት፣ ባለቤታቸው አዴ ብርቂቱ ሻይ ይዘውላቸው ሲገቡ አልጋቸው ላይ ትንፋሻቸው ቆሞ አገኟቸው። ስኳር ነው የገደላቸው ተባለ። እኔ ጌዶ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ሰው ግን በስኳር ብቻ አይሞትም።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ በቴክኒክ ኮሌጁ ኤሌክትሪክ ላስተማሯችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ኳየር አብረዋችሁ ለዘመሩ፣ ከጊንጪ እስከ ጌዶ ሬዲዮአችሁንና ቴፓችሁን ላበጁላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ጊታር ላስጨበጧችሁ። የጨዋ ደንብ ለቅሶ ላይ ጠብ አይነሣም ይላል። እሺ፣ ለቅሶው አልቋል፤ ድንኳኑም ተነቅሏል። አሁን እናገራለሁ። የተቆጣች ሴት የጻፈችውን ማንበብ የማይወድ እዚህ ላይ ያቁም።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት አምቦ ላይ የሆነውን አምቦ ለነበረ ሰው አልነግርም፤ ላልነበረ ሰው ደግሞ በአንድ ጽሑፍ አይነገርም። የእኔ ወንድም በዚያ የተማሪዎች ሰልፍ ሰሞን ከታሰሩት አንዱ ነበር። እናቴ አቅም ስላልነበራት ምሳ ይዤ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ኦቦ ነጋሳን ያወቅኋቸው እዚያ በር ላይ ነው። ዘመድ የታሰረባቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ከደንዲና ከጌዶ ገጠር መጥተው አምቦ ዘመድ ለሌላቸው ተማሪዎቻቸው ነው ትልቅ የምሳ ዕቃ ይዘው የሚቆሙት። ዘበኛው አንዳንድ ቀን ይቀበላል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሳል። ሲመልሳቸው አይከራከሩም፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ኮት፣ እንደገና ይመጣሉ።

አንድ ቀን ሁለታችንንም መለሰን። አብረን ስንሄድ ከዚህ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ አልኳቸው። ቀስ ብለው ተራመዱና «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ማልቀሱ ደግ ነው፤ ድምፁ ግን ከቤትሽ አይወጣም። ቅዳሜ ወደኔ ነይ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ፣ ቀድሞ የወፍጮ ቤት መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ነበሩ። አንዱ ዳባ ነው፤ ያን ጊዜ ድምፁ ቆርቆሮውን የሚያንቀጠቅጥ ቀጭን የኮሌጅ ተማሪ። ኦቦ ነጋሳ ጠረጴዛ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ የጣለችውን አሮጌ ስፒከር አጋድመው ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀቱን በምላጭ ይተለትሉታል። እኚህ ሰውዬ አብደዋል አልኩ በልቤ። ከዚያ ገመዱን ሰኩና ጊታሩን አንዴ ጎተቱት። የወጣው ድምፅ በስህተት ማርሽ የጊንጪን ዳገት የሚወጣ ጭነት መኪና ድምፅ ነበር። ዘፈን አይባልም። እኔ ግን ከዚያ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር ከውጭ ሰማሁት። ጊታር ሞከርኩ፣ ጣቶቼ እምቢ አሉ። በርሜልና ጄሪካን ሰጡኝ። ከበሮ መቺ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ጊታር የተማሩት በወጣትነታቸው ኳየር ውስጥ ነበር። የሚያስተምሩት ሦስት ኮርድ ብቻ ነው፤ አራተኛውን የጠየቀ «ሦስቱን ጨርሰሃቸዋል?» ይባላል። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ እሱን ያልጠበቀ መጋዘኑ ውስጥ አይዘፍንም። የጌራርሳ ሕግ ነው። ጌራርሳ በእኛ አገር ሰው ቆሞ በገዛ አፉ የሠራውን የሚያወራበት ዜማ ነው፤ ሕዝቡም እየተቀበለ ያጅበዋል። ያልሠራ አይገርርም፣ በሌላ ሰው ሥራም አይገረርም። ኦቦ ነጋሳ ይህን ከአባታቸው ወስደው ለተቀደደው ስፒከር ሰጡት። አዲስ ግጥም ይዞ የመጣን ሁሉ «ምን አደረግህ?» ይሉታል። ስለ ነፃነት፣ ስለ አገር፣ ስለ ጀግና የጻፉ ልጆች ወረቀታቸውን አጥፈው ይወጡ ነበር።

እኔንም ጠየቁኝ። ምንም፣ አልኳቸው፤ ምሳ ይዤ በር ላይ ከመቆም በቀር ምንም። «እሱን በይው» አሉ። ከዚያ የወጣው ዘፈን ነው እናንተ የምታውቁት። ግጥሙ እንኳ ግጥም አይደለም፦ ምሳ ይዤ ቆሜአለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ በሩን ክፈቱ። ዳባ ሲጮኸው፣ እኔ በርሜሉን ስደበድበው፣ ያ ስፒከር ከኋላ ሲያጓራ፣ ጎረቤት በድንጋይ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ከወር በኋላ ግን ያው ጎረቤት ልጁን ልኮ ግጥሙን አስጻፈ። በዓመቱ ከአምቦ እስከ ጌዶ ሠርግ ቤት ሳይቀር ይባል ጀመር።

ከደሴ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰምቶን ተገረመና ይህ እኮ ፓንክ ነው አለን። ምን እንደሆነ አናውቅም። ተቀምጦ አስረዳን፤ በውጭ አገር ሥራ ያጡ ወጣቶች፣ ጊታር ሳይችሉ፣ ሦስት ኮርድ ይዘው ባለሥልጣኑንም ባለጠጋውንም የሰደቡበት ሙዚቃ ነው አለ። ኦቦ ነጋሳ የሚሠሩትን ትተው አዳመጡት። «ታዲያ አሁን የት ደረሰ?» አሉት። ሞተ ማለት ይቻላል አላቸው፤ ማንም አልከለከለውም፤ የተቀደደ ሱሪያቸውን ሱቁ አዲስ አድርጎ መሸጥ ጀመረ፣ የተሰደቡት ሰዎች ልጆች ገዝተው ለበሱት፣ በቃ። ኦቦ ነጋሳ ሳቁና እንዲህ አሉ፦ «ስሙን እነሱ ያውጡለት፣ ጩኸቱ የኛ ነው። እኛ ጋ ደግሞ እንዲህ ያለ ሱቅ የለም።»

እሳቸውም ይሳሳቱ ነበር። ሱቁ መንገድ ላይ ነበር።

ዱላው ግን ቀደመ። በአንድ የምረቃ በዓል ላይ ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። የኛ ብቻ ነው የጠፋው፤ ከጎን ያለው የምግብ አዳራሽ ቦግ ብሎ ይታያል። ኦቦ ነጋሳ ከጓደኛቸው መኪና ባትሪ ፈትተው መጡና ገመዱን አስረው በማይክራፎኑ «መብራቱ የመንግሥት ነው፤ ባትሪው የኔ ነው» አሉ። ግቢው ሙሉ ሳቀ። ሳቁን ግን አንዳንድ ሰዎች አልወደዱትም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ኦቦ ነጋሳ ከተወሰዱት ውስጥ ነበሩ። ተሐድሶ ይሉታል። አዴ ብርቂቱም በተራቸው ምሳ ይዘው ቆሙ።

ከመወሰዳቸው በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ የሚያነሡብኝ ጓደኞች አሉ። ሰፈራችን ጥግ ላይ የሚቆም አንድ ወጣት ፖሊስ ቻርጅ የማያደርግ ስልክ ይዞ መጋዘኑ በር ላይ መጣ። ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አይችልም። እኛ ፊታችንን አዞርን። ኦቦ ነጋሳ ወንበር ሰጡት፣ ስልኩን ፈቱ፣ ጠገኑለት፣ ሂድ አሉት። ዳባ ተቆጣ፤ ጠላት ነው፣ እንዴት ይጠግኑለታል አለ። እሳቸው ካውያውን አስቀምጠው «ልጁ እናቱን ሊያነጋግር ነው» አሉ። እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከዘፈኖቻችን ሁሉ ያቺ ስልክ ትበልጣለች።

ሲፈቱ ከስተው ነበር። ምን አደረጓችሁ ሲባሉ ብዙ ስብሰባ ነበር ይላሉ፣ ያልፉታል።

ከዚያ 2010 መጣ። ለውጥ። እኔም ጨፍሬአለሁ፤ አልዋሽም። አምቦ አስፋልት ላይ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አልቅሻለሁ። ወንድሜ ተፈታ። ኦቦ ነጋሳም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንደውም ለመጀመሪያ ጊዜ አራተኛ ኮርድ አሳዩን። በመንገድ ሲያልፉ ወጣቱ ትከሻው ላይ ያነሣቸው ነበር፤ እሳቸው ኮታቸው እንዳይቀደድ እየለመኑ። አራት ወር ያህል ጥሩ ነበር።

ከዚያ ዳባን የባህል ቢሮ ሹም አደረጉት። ጥሩ ነው አልን፤ የኛ ልጅ ነው። መጀመሪያ ስታዲየም ጋበዘን። አምስት ሜትር የሚያህል ስፒከር ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ያልተቀደደ፣ እንደ መስተዋት የጠራ። ኦቦ ነጋሳ ዞሩት፣ ነኩት፣ «ጤነኛ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ዘፈናችንን ተጫወትን፤ ባለሥልጣናቱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እየመቱ አጨበጨቡ። በሩን ክፈቱ ስንል ያጨበጭባሉ። ማንን ነው የምንለው? በሩ የማን ነው አሁን? እኔ በርሜሉን እየመታሁ እሱን አስብ ነበር።

ሁለተኛው ግብዣ ሲመጣ ዳባ ራሱ ወደ መጋዘኑ መጣ። ሹፌሩ ውጭ ይጠብቀዋል። ኦቦ ነጋሳ የአንዲት ሴትዮ ሬዲዮ ለጥገና ከፍተው ነበር። ዳባ ከተለመደው ሰላምታ በኋላ ነገሩን አመጣው፤ የበሩ ስንኝ ይውጣ፣ በቦታው ለመጪው እንግዳ የምስጋና ስንኝ ይግባ፣ ስሙም ይጠራ። ግጥሙን ቢሮው አዘጋጅቶታል። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የተባባሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

ኦቦ ነጋሳ «ሰውዬው ምን አደረገ?» አሉት።

ዳባ ብዙ ነገር ነው ያደረገው ብሎ መዘርዘር ጀመረ።

«እንግዲያው ራሱ ይገርር። እግር አለው፣ ይቁም።»

«ኦቦ፣ ጊዜው ተለውጧል» አለ ዳባ። «ያኔ መንግሥት የነሱ ነበር። አሁን የኛ ነው።»

ሬዲዮውን ዘጉት። «የኛ ከሆነ እስር ቤቱም የኛ ነው ማለት ነው። በሩ ላይ ምሳ ይዞ የሚቆመውም የኛ ሰው ነው። ያንን ስንኝ ካወጣኸው ለሱ ምን ትለዋለህ?»

ዳባ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሥልጣን ግን ነበረው። ዘፈኑን ወሰደው። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ቀጥሮ፣ በንጹህ ስቱዲዮ፣ የበሩን ስንኝ አውጥቶ፣ ስሙን አስገብቶ ቀዳው። ዜማው ያው ነው፤ ድምፁም የዳባ ነው። በየስብሰባው፣ በየመኪናው፣ በየበዓሉ ያንን አጫወቱት። ልጆች አሁን የሚያውቁት እሱን ነው። የኛን ቢሰሙ ደግሞ ዋናው ያኛው ይመስላቸዋል። ኦቦ ነጋሳ አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ሰሙት፤ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ዱላ ያልገደለውን ጭብጨባ ገደለው» ብለው ወጡ።

ከ2012 ወዲህ ያለውን ደግሞ ሁላችሁም ኖራችሁታል። ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልጆች ጠፉ፤ የት እንዳሉ ጠያቂ የለም፣ ጠያቂው ራሱ ይጠየቃል። ከጌዶ አምቦ ለመምጣት ሹፌር ዱአም ጸሎትም ያደርሳል። ሠርግ በቀን ሆነ። መጋዘኑ ይመጡ ከነበሩት ልጆች ግማሹ ለሠርግ ኪቦርድ ይዘው ዞሩ፣ ግማሹ ወደ ዝማሬ ተመለሱ፤ ቤዝ የሚመታው ልጃችን ጊንጪ ባጃጅ ይነዳል። አልፈርድባቸውም፣ እንጀራ ነው። ግን ንገሩኝ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ፣ መጮኽ ከመቼውም በላይ ባስፈለገበት ጊዜ፣ እንዴት አንድ ሰው ይጠፋል? ቀድሞ ስንጮኽ ጠላታችን ከፊታችን ነበርና እንተያያለን። ኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሆነ፤ አብሮን ያደገ፣ ግጥማችንን የሚያውቅ። በወንድም ላይ መጮኽ አፈርን። ፍርሃቱ ደግሞ ማፈሩን ጨረሰው። ሰው የሙዚቃ ፋሽን ተለወጠ ይላል። የምን ፋሽን! አፍ ነው የተዘጋው።

ኦቦ ነጋሳ መጋዘኑን አልዘጉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍተው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። ኮሌጁ ከማስተማር አንስቶ ዕቃ ክፍል አደረጋቸው፤ ምክንያት አልተነገራቸውም። ወጣት ይመጣባቸዋል፣ አዎ፤ የስብሰባ ማይክ ተበላሸ እያለ። ይጠግኑለታል። ለምን ይጠግናሉ ብዬ ተቆጣኋቸው። «ማይኩ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ስኳሩ እግራቸውን ሲበላው እኔ በየሁለት ሳምንቱ ከጌዶ እየመጣሁ ቁስሉን አጥብላቸው ነበር። ያ ሁሉ ትከሻው ላይ ያነሣቸው ሰው የት ገባ? ዳባ ቢሮው ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ አንድ ቀን በሩን አላንኳኳም። አዴ ብርቂቱ ልጁ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ይላሉ። እሳቸው እንደዚያ ናቸው። እኔ አይደለሁም።

እና ዳባ ቀብር ላይ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ሁለት መኪና፣ የአበባ ጉንጉን፣ የድምፅ መኪና። የሕይወት ታሪክ ማንበብ የቤተሰብ ነው፤ የሟች የወንድም ልጅ አዘጋጅቶት ነበር። ዳባ ወረቀቱን በትሕትና ተቀበለውና ሌላ አነበበ። «ለለውጡ በኪነ ጥበብ የታገሉ፣ መንግሥታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው የደገፉ» አለ። የመታሰራቸው ነገር አንድ መስመር ነው፤ የቀድሞው ሥርዓት በደል ተብሎ። ዕቃ ክፍሉ የለም። ባዶው መጋዘን የለም። ስኳሩ እንኳ «አጭር ሕመም» ሆነ። ደሜ ፈላ። በቁማቸው ያልጠየቃቸው ሰው በሞታቸው ሎሌው አደረጋቸው።

ከዚያ የድምፅ መኪናው ዘፈኑን ለቀቀው። የተሸጠውን። በኦቦ ነጋሳ ሬሳ ላይ፣ የሰውዬው ስም እየተጠራ።

አዴ ብርቂቱ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰዎች ሊይዟቸው ሞከሩ፤ እጃቸውን አስለቀቁ። እስከ መኪናው ሄዱና ለሚያጫውተው ልጅ «አጥፋው የኔ ልጅ። ይህ የባሌ አይደለም» አሉት። ልጁ የኦቦ ነጋሳ ተማሪ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ አጠፋው።

ወንጌላዊው መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ከበሮ መቺ ነኝ። ግን ዘፈኑ የእኔ ነው፤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አልኩት። ምሳ ይዤ ቆሜአለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ በሩን ክፈቱ። በተሰበረ ድምፅ፣ ያለ ጊታር፣ ያለ በርሜል። ጌራርሳ ተቀባይ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲል ሌላው ካልተቀበለ እብደት ነው። መቃብሩ ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ ስንኙን ያውቀዋል፤ በሠርጉ ያለው፣ በአስፋልቱ ያለው፣ ልጁን ልኮ ያስጻፈው ጎረቤት ሳይቀር። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር። ዳባ ስልኩን ያይ ነበር። የተቀበሉኝ አዴ ብርቂቱ ብቻ ናቸው፤ በሰባ ዓመታቸው፣ በሐዘን ልብሳቸው።

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ጠራኝ። ማን ዝፈኚ አለሽ ብለህ ጠይቃት ተብሎ ከላይ ታዞ ነበር። ማንም አላለኝም አልኩት። እንግዲህ ተጠንቀቂ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ይፈራል። ያናደደኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ሳይኖር እንዲህ ጸጥ ማለታችን።

ኦቦ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። እዚያ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ «በሰላም ይረፉ» ብሎዎታል፤ አንዳንዱ ዝም በማለትዎ ተመችቶት ነው። እኔ የዚያን ዕለት አልሰናበትኩዎትም። እግርዎን ሳጥብ ያሉኝን አልረሳሁም፤ ቁጣሽን ለሥራ እንጂ ለሰው አታውጪው ብለውኛል። ሞክሬአለሁ፤ ይኸው አልቻልኩም። አዴ ብርቂቱን እጠይቃለሁ፤ ብቻቸውን አይሆኑም፣ ለዚህ ቃል እገባለሁ። መጋዘኑ ግን ዳግም ይሞላል ብዬ አልዋሽዎትም። ሞትዎን ከእግዚአብሔር እጅ ተቀብያለሁ። ሳይሞቱ ዝም መሰኘትዎን ግን ከማንም አልቀበልም። ደህና ይሁኑ አባቴ።